ማንም በማይታዘብበት ስፍራ፤ አባ ጎርጎርዮስ በጎታ

ቆጋ ወደ ግልገል ዓባይ ይገባል፤ ግልገል ዓባይም ወደ ጣና። በዚህ ውሃ ዙሪያ ባለው አገር፣ ከሜጫ ጀምሮ እስከ ዋሸራና እስከ ጎንጅ ድረስ፣ ልጅ ለትምህርት ከቤት መውጣቱ ከጥንት የታወቀ ሥርዓት ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ወላጆቹ በቀላሉ ወደማይደርሱበት ደብር ይሄዳል፤ በየደጁ ቆሞ በማርያም ስም ይለምናል፤ ውሻ ያባርረዋል፤ ቀን የለመነውን በልቶ ሌሊት ቅኔውን ይቆጥራል። በዚህ ሥርዓት ዘንድ የተማሪን ዕድሜ የሚወስን ደንብ የለም። በአንዱ ትምህርት መምህር የተባለ፣ ሽበት ያወጣ ሰው፣ ሌላውን ትምህርት ሲሻ ወደ ሌላ ጉባኤ ገብቶ ከልጆች ጋር ይቀመጣል፤ የሚያፍርበትም ነገር የለም። እንግዲህ ተማሪነት በዚህ አገር ሰው ዘንድ ከዕድሜ ይልቅ የመንገድ ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል። ተማሪ ማለት ከቀዬው የወጣ ሰው ነው።

ታዲያ ከዚህ ባህል የተገኘ አንድ ተማሪ የደብሩን ብቻ ሳይሆን የአገሩን ድንበር አልፎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ የአባቶቹንም ሃይማኖት ለውጦ ቢገኝ፣ ባዕዳን ከበው ስለ አገሩና ስለ ተወው እምነት ሲጠይቁት ምን ብሎ ሊመልስ ይገባዋል? የተወውን ቢያወድስ ለምን ተውከው ይባላል። ቢያንቋሽሽ የአገሩን ስም በባዕድ ገበያ የሸጠ ይሆናል። ዝም ቢል ደግሞ ለዕውቀት የወጣ ሰው ዕውቀትን መንፈጉ ነው። ይህ ጥያቄ የተማረ ሰው የጊዜ ማሳለፊያ እንዳይመስል፣ በአየር ላይ ከመያዝ ይልቅ በአንድ ሰው ሕይወት መመርመሩ ይበጃል። ሰውዬው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው፤ ስፍራው በጀርመን አገር ያለችው ጎታ፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1652።

አባ ጎርጎርዮስ በ1595 ገደማ በአማራ ምድር፣ ዛሬ ወሎ በሚባለው አገር፣ በመካነ ሥላሴ ተወለዱ። ሕይወታቸውን የቀየረው ነገር ግን የተጠነሰሰው በጣና ዳር ነው። ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ከሐይቁ ሰሜን በጎርጎራ ሰፍረው ነበር። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር እስከ ግሽ ዓባይ ዘልቆ ምንጩን ተመልክቷል፤ በ1622 የሞተውም እዚያው ጎርጎራ ነው። በባሕር ዳር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚታየውን አሮጌ የድንጋይ ግንብ የአካባቢው ሰው እስከ ዛሬ ድረስ ከዚያው ዘመን ጋር ያያይዘዋል። ፓኤዝ የአገሬውን ቋንቋ የተማረ፣ ትዕግሥት ያለው ሰው ነበር ይባላል። እርሱን የተከተለው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። በ1626 ዐፄ ሱስንዮስ ለሮማው ጳጳስ መታዘዛቸውን በይፋ ካስታወቁ በኋላ፣ የተጠመቀው ሕዝብ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ቀሳውስቱ እንደገና እንዲሾሙ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲባረኩ፣ ጾሙና በዓሉም በሮማ ሥርዓት እንዲለወጥ ተደረገ። አንድን ገበሬ ልጅህ አልተጠመቀም፣ አባትህም ሳይጠመቅ ሞቷል ብሎ ማወጅ የእምነት ትምህርት ብቻ አይደለም፤ መቃብሩን መቆፈር ነው። ስለዚህም ገበሬው ተነሣ። በ1632 ከላስታ ሰዎች ጋር በተደረገው ጦርነት በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ካለቀ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አወጁ፤ በዚያው ዓመትም ሞቱ። ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስ ሚስዮናውያኑን ከአገር አስወጡ።

አባ ጎርጎርዮስ ከወጡት ጋር ወጡ። የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ከፓትርያርኩ አጠገብ የነበሩ ካህን ስለሆኑ፣ አዋጁ ሲገለበጥ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረባቸው። ብዙዎች ወደ ቀድሞው ተመለሱ፤ በዚህም የሚወቀሱ አይመስልም፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሕዝብ ሲጀመርም በፈቃዱ አልተቀየረም። እርሳቸው ግን ስደትን መርጠው በሕንድ አገር ጎአ ደረሱ፤ ከዚያም ወደ ሮማ ተሻገሩ። በ1649 ሮማ ውስጥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ባለችው በሐበሾቹ ቤት፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ፣ እናገኛቸዋለን።

ይህች ቤት ለብቻዋ ብዙ ሊባልላት የሚገባ ናት። ከአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳትና ተሳላሚዎች የሚያርፉባት ነበረች። ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ በዚያች ከተማ የሐበሾቹን ጸሎት ሰምቶ፣ ከእነርሱም ግዕዝ ተምሮ፣ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ፊደል አሳተመ፤ ቋንቋውን ‹‹ከለዳዊ›› ብሎ መጥራቱ ስሕተት ቢሆንም በፊደላችን የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ ይኸው ነው። ከደብረ ሊባኖስ የመጡት አባ ተስፋ ጽዮን ደግሞ በ1548ና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። እንዲህ ያሉት መጻሕፍት በአውሮጳ ተበትነው ነበርና፣ በ1624 በኤርፉርት የተወለደው ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለ ወጣት ገና በለጋነቱ ግዕዝን ከመጽሐፍ ላይ ለቀመ። ወደ ሮማ የተላከው ለስዊድን ንግሥት ክሪስቲና አንዳንድ የጠፉ ሰነዶችን እንዲፈልግ ነበር። ሰነዶቹን አላገኘም። ያገኘው አባ ጎርጎርዮስን ነው።

ሁለቱ ሲገናኙ የሆነውን ማሰብ ፈገግ ያሰኛል። አንዱ ቋንቋውን ከመጽሐፍ እንጂ ከሰው አፍ ሰምቶት የማያውቅ ወጣት፤ ሌላው ቋንቋውን ሲጸልዩበትና ሲያነቡበት እንጂ በልተህ አደርህ ወይ ሲሉበት ያልኖሩ ሽማግሌ። ግዕዝ የገበያ ቋንቋ ሆኖ ካበቃ ዘመን አልፎታል። ሆኖም የሚግባቡበት ሌላ የሰመረ ቋንቋ ስላጡ፣ ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ እየተንገዳገዱ ግዕዝን ለዕለት ጉዳይ ነዱት። ከመካከላቸው ተማሪው ማን ነበር? ወጣቱ ከሽማግሌው ተማረ፤ ይህ ግልጽ ነው። ነገር ግን ሽማግሌውም የአገራቸውን ነገር ለማያውቀው ሰው ከሥሩ ማስረዳት ሲገደዱ፣ ቀድሞ እንደ አየር ሲተነፍሱት የኖሩትን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ቆም ብለው ለማየት በቁ። መምህራን ይህን ከማንም የበለጠ ያውቁታል።

በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ጋበዙ፤ ሉዶልፍም መንገድ ወጥቶ ተቀብሎ ወደ መስፍኑ ግቢ አደረሳቸው። እኒህ መስፍን ተራ ባላባት አልነበሩም። በ1642 በግዛታቸው ያለ ልጅ ሁሉ፣ የገበሬውም ጭምር፣ ትምህርት ቤት እንዲገባ ደንብ ያወጡ ናቸው፤ በዚያ ዘመን በአውሮጳም ቢሆን ይህ ብርቅ ነበር። ቤታቸው አጥባቂ የሉተር ተከታይ ነው። ሠላሳ ዓመት የፈጀው የካቶሊኮችና የሉተራውያን ጦርነት ያበቃው ገና በ1648 ነበር፤ የጀመረውም ፓኤዝ በግሽ ዓባይ ምንጭ ላይ ቆሞ በነበረበት በዚያው በ1618 ነው። የተቃጠለው መንደር ገና በቅጡ አልተሠራም። በጎታ በመታነጽ ላይ የነበረው ታላቅ ቤተ መንግሥት እንኳ ስሙ በሰላም ስም የተሰየመ፣ ፍሪደንሽታይን የተባለ ነው። በዚህ ቤት አንድ የካቶሊክ ካህን፣ ያውም ጥቁር፣ ያውም ከሮማ የመጣ፣ በክብር እንግድነት ተቀመጠ።

በዚያ ክረምት፣ እኛ ክረምት በምንለው እነርሱ በጋ በሚሉት ወራት፣ ከአባ ጎርጎርዮስ ቀኖች አንዱ እንዴት ያልፍ እንደነበር ከቀሩት ማስታወሻዎችና ከሁኔታው ተነሥቶ መገመት አያስቸግርም። በዚያ አገር ሰኔ ላይ ፀሐይ ከመጠን በላይ ቀድማ ትወጣለች፤ እስከ ምሽትም አትጠልቅም። ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ላይ ለጸሎት መነሣት የለመደ መነኩሴ፣ ጨለማ ሳይኖር ሌሊቱ እንደነጋ ሲያይ የሰዓቱ ሥርዓት ሳይዛባበት አይቀርም። ዳዊቱን ይደግማል። ቅዳሴ ግን የት ይቀደሳል? በመስፍኑ ግዛት ያለው ቤተ ክርስቲያን የሉተራውያን ነው፤ የሮማ ካህን መሠዊያ የለውም። በአገራቸው ሳሉ ስለ ሮማ እምነት ሲሉ የተሰደዱት ሰው፣ እነሆ አሁን የሮማን እምነት ባወገዙ ሰዎች ማዕድ ላይ ተቀምጠዋል። እንግድነት እንዲህ ነው፤ የሚያበላህን አትመርጥም።

ቀጥሎ ጥያቄው ይጀመራል። መስፍኑና አማካሪዎቻቸው ይጠይቃሉ፤ ሉዶልፍ በመካከል ሆኖ ያስተረጉማል፤ መልሱም ይጻፋል። ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ግብሩ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ሠራዊቱ፣ ስለ ገበሬው ኑሮ ይጠየቃል። ከሁሉ ይልቅ ግን ስለ ሃይማኖቱ ይጠየቃል፤ መስፍኑን ይበልጥ ያጓጓቸው ይኸው ነበርና። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ለሮማ ሳይታዘዝ ከሐዋርያት ዘመን ጀምሮ በእምነቱ የጸና ሕዝብ በአፍሪካ ካለ፣ ለሉተራውያን ታላቅ ምስክር ይሆናል። አስቡት እንግዲህ፤ ጠያቂዎቹ መልሱ ምን እንዲሆን እንደሚፈልጉ መልስ ሰጪው ያውቃሉ። የሚሹት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እንድትወደስ ነው። መልስ ሰጪው ግን ያችን ቤተ ክርስቲያን ትተው የወጡ ሰው ናቸው። የሮማ መምህሮቻቸው ደግሞ በተቃራኒው እንድትነቀፍ ይሻሉ፤ ኢየሱሳውያኑ ስለ ኢትዮጵያ በጻፉት ሁሉ የአገሬውን ሰው በአይሁድ ልማድና በኑፋቄ ሲከስሱ ኖረዋልና። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከአማራ አገር የመጣ ሌላ ሰው የለም። አባ ጎርጎርዮስ የወደዱትን ቢሉ ‹‹ይህ ሐሰት ነው›› ብሎ ከወንበሩ የሚነሣ አይገኝም። ለምስክርነት ከዚህ የከፋ ፈተና ምን አለ?

በአገራችን የዳኝነት ልማድ ምስክር በጠላቱ ፊት ሲመሰክር ይፈራል፤ በተከሳሹ ዘመድ ፊትም ያፍራል። ፍርሃቱና ኀፍረቱ ራሳቸው ልጓም ናቸው። ማንም በማይታዘብበት ስፍራ ግን ልጓሙ ይወልቃል። ለዚህ ነው የስደተኛ ተማሪ ቃል ከባድ ነገር የሚሆነው፤ በሌሉ ሰዎች ስም የሚናገር ብቸኛ አፍ ነውና።

አባ ጎርጎርዮስ ምን መለሱ? ሉዶልፍ በኋላ በ1681 በላቲን ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ስማቸውን እየጠራ ቃላቸውን ያሰፍራል። አንዱን ብቻ መመልከት ይበቃል። ኢየሱሳውያኑ ኢትዮጵያውያን ይገረዛሉና አይሁዳውያን ናቸው ይሉ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ግን ግዝረት በአገራቸው የእምነት ሕግ ሳይሆን የአገር ልማድ መሆኑን መሰከሩ። ይህ አሳብ ከመቶ ዓመት በፊት ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ ውስጥ የሰጡት መልስ ነው። አንድ የካቶሊክ ካህን፣ በካቶሊክ መምህሮቹ ክስ ላይ፣ ኦርቶዶክሳዊውን ንጉሥ ደግፎ መቆሙን እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተነሣውንም ክርክር ሉዶልፍ የመረመረው በእርሳቸው እርዳታ ነው፤ የግዕዙ ‹‹ባሕርይ›› እና የላቲኑ ቃል ልክ ለልክ አንድ ነገር እንደማይሉ ሲገባው፣ ጠቡ በአብዛኛው የቃላት ጠብ ነው ወደሚል አስተያየት ደረሰ። በሺህ የሚቆጠር ገበሬ ያለቀበት ጉዳይ ከመዝገበ ቃላት ጋር ይህን ያህል የተያያዘ መሆኑ ያሳዝናል፤ የቃላትን ሥራ እንደ ተራ ሥራ የሚያይ ከያኒ ካለም ይህን ያስብ።

እዚህ ላይ አንድ ተጠራጣሪ አንባቢ ሊነሣ ይችላል። ‹‹ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል›› እንደሚባለው፣ ሰውዬው በሮማ ሮማዊ፣ በጎታ ደግሞ የጎታ ጌታን የሚያስደስት ነገር ተናጋሪ አልነበሩምን? የመስፍኑን እንጀራ እየበሉ የመስፍኑን ጆሮ የሚያሳክክ ነገር መናገር ምን ድፍረት ይጠይቃል? ክሱ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። እውነት ነው፣ የሰጡት መልስ ለአስተናጋጆቻቸው ጣፋጭ ነበር። ነገር ግን ማስደሰት ብቻ የሚሻ ሰው በከፊል አያቆምም፤ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። አባ ጎርጎርዮስ በጎታ ሉተራዊ አልሆኑም። ጥቂት ወራት ቆይተው፣ በመስከረም ገደማ፣ ካቶሊክ ሆነው እንደመጡ ካቶሊክ ሆነው ወደ ኢጣልያ ተመለሱ። ስለዚህም የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ያልተባለችውን አይደለችም ማለታቸው እርሷን ተቀብለው ሳይሆን፣ ሰው የሌለበትን ነገር አለበት ማለት ስላልወደዱ ነው ብሎ መፍረድ የተሻለ ይመስላል። አንድን ነገር መተው አንድ ነው፤ የተዉትን ነገር ማጠልሸት ሌላ ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከመጀመሪያው ድክመት ነው፤ በመተዉ ያልተረጋጋ ሰው የተወውን እየረገመ ራሱን ያሳምናል።

የዚህን ተቃራኒ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መስፍን ኤርንስት በ1663 ዮሐን ሚካኤል ቫንስሌብን የተባለውን የሉዶልፍ ተማሪ በገንዘብ ደግፈው ወደ ኢትዮጵያ ላኩት፤ ግብፅ ደርሶ እዚያ ቀረ፤ በመጨረሻም ሮማ ሄዶ ካቶሊክ ሆነና የዶሚኒካውያንን ቀሚስ ለበሰ። ሉዶልፍ እስከ ዕለተ ሞቱ በዚህ ሰው ላይ የነበረው ምሬት አልበረደም። ለአንድ ሰው ሃይማኖቱን መለወጡን ይቅር ያለ ሊቅ፣ ለሌላው ይቅር ሳይል መቅረቱ ይገርማል። ምናልባት ልዩነቱ በእምነቱ ላይ ሳይሆን በአደራው ላይ ይሆናል።

ይልቅ የበለጠ የሚያከራክረው ጉዳይ በጣና ዳር ያለው ነው። በ1868 በዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም ለትምህርት ወደ ኢጣልያ ሄደዋል፤ በቶሪኖ ሥዕል ተምረዋል፤ በ1908 በሮማ ያሳተሙት ልብ ወለድ ታሪክ የአማርኛ ልብ ወለድ ጥንስስ ነው። በዚያው ዓመት ለአቢሲኒያ ተጓዥ መሪ እንዲሆን ባዘጋጁት መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ በባዕድ ተጓዥና በአገሬው ሰው መካከል የተደረገ ጭውውት አስገብተዋል። በዚያ ጭውውት ወታደር ገበሬውን እንዴት እንደሚዘርፍና ገባሩ እንዴት እንደሚንገላታ ይነገራል። ይህ ሐሰት ነበርን? አልነበረም። የባላባቱን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ሁሉ በገባር ትከሻ ላይ የነበረውን ቀንበር ያውቃል፤ በ1967 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ ሲታወጅ የተነገረውም ከዚሁ የተለየ አልነበረም። ነገር ግን አፈወርቅ ይህን እውነት የነገሩት ለማን ነበር? በ1896 በዓድዋ ተሸንፎ ለበቀል ዕድል ይጠባበቅ ለነበረ መንግሥት አገር ሰዎች ነው፤ የኢጣልያንም አገዛዝ እያወደሱ ነው። በወረራው ዘመን ‹‹አፈ ቄሳር›› የሚል ስም ተሰጥቷቸው ከወራሪው ጋር ሠሩ፤ ከነጻነት በኋላ ጅማ ታስረው ዓይናቸው ታውሮ በ1947 ሞቱ።

እንግዲህ እውነት በይዘቱ ብቻ አይመዘንም ማለት ነው፤ ሰሚው ማነው፣ ሰምቶስ ምን ሊያደርግበት ነው የሚለው የእውነቱ አካል ይሆናል። ወደ አባ ጎርጎርዮስ ስንመለስ ይኸው መመዘኛ ለእርሳቸው ዕድል ሰጥቷቸዋል ቢባል አይካድም። ጎታ መርከብ አልነበራትም፤ ጦርም ወደ ቀይ ባሕር ልትልክ አትችልም። መስፍኑ የሚፈልጉት መጽሐፍ እንጂ ግዛት አልነበረም። አብረው የተሰደዱት ፓትርያርክ ሜንዴዝ ግን የፖርቱጋል ጦር ወደ ኢትዮጵያ እንዲላክ ከጎአ ሆነው ይወተውቱ ነበር። ያ ጦር ቢላክ ኖሮ፣ በጎታ የተነገረው ተመሳሳይ ቃል በጎአ ቢነገር ኖሮ፣ አባ ጎርጎርዮስ ለአገራቸው ሕዝብ ዘንድ ምን ተብለው ይታወሱ ነበር? ስለ መንገዱ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ሠራዊቱ ብዛት የተሰጠ መልስ፣ በሊቅ እጅ ካርታ ይሆናል፤ በጦር አዛዥ እጅ ደግሞ ሌላ ነገር። ንጹሕ ሕሊና ያለው ሰውም ቢሆን የሚናገርበትን አዳራሽ ካልመረጠ ሕሊናው ብቻውን አያድነውም። ይህን ለአባ ጎርጎርዮስ ማመስገኛ ብሎ መውሰድም፣ ከምስጋናቸው ቀንሶ ማየትም የአንባቢ ፈንታ ነው።

የመመለስን ነገር ሳይነኩ ማለፍ ደግሞ ተገቢ አይሆንም። በጎጃም ከመርጡለ ማርያም አጠገብ በዲቦ በ1791 የተወለዱት አባ ገብረ ሚካኤል፣ ጳጳስ ለማስመጣት ከተላኩት ሰዎች ጋር በ1841 ወደ ግብፅ ሄደው ሮማንም አይተው ተመለሱ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ካቶሊክ ሆኑ። አንድ ዓይናማ፣ ግን በመጻሕፍት ምርመራ የታወቁ መነኩሴ ነበሩ። እርሳቸው ያመኑትን የተናገሩት በገዛ አገራቸው፣ በሚያስሩአቸው ሰዎች ፊት ነው፤ በ1855 በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ሞቱ። በ1926 የሮማ ቤተ ክርስቲያን ብፁዕ ብላ ሰይማቸዋለች። የጎታው አዳራሽ ፈተና ለእርሳቸው አልደረሰም፤ የእርሳቸው ፈተና ሁሉም የሚታዘብበት ነበር። ከሁለቱ የትኛው ይከብዳል? ጀግንነትን በደም ብቻ የሚለኩ ሰዎች መልሱን ፈጥነው ይሰጣሉ። ነገር ግን ለአንድ ሰው በጠላት ፊት መጽናት የሚቀለው፣ ጠላቱ ራሱ ማን እንደሆነ ስለሚያስታውሰው ነው። በወዳጆች መካከል፣ በጥሩ ማዕድ ዙሪያ፣ በሚያከብሩህ ሊቃውንት ፊት ልክህን አለመሳት ሌላ ዓይነት ጽናት ይሻል፤ ለእርሱም ቀን አይወጣለትም፣ በዓልም አይከበርለትም።

ከምሳ በኋላ፣ ጉባኤው ሲበተን፣ ሁለቱ ሰዎች ብቻቸውን የሚቀመጡበት ሰዓት ነበር ብሎ ማሰብ ይቻላል። የአማርኛው ነገር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ሉዶልፍ ግዕዝን ያውቃል፤ ሕዝቡ የሚነጋገርበትን ቋንቋ ግን ከመጽሐፍ ሊያገኘው አይችልም፣ ምክንያቱም በአማርኛ የታተመ ነገር አልነበረም። ይህ ምን ይባላል፣ ያኛውስ፣ በግዕዝ እንዲህ ነው፣ በአማርኛስ? መነኩሴው ይመልሳሉ፤ ወጣቱ ይጽፋል። የመካነ ሥላሴ ሰው የቤት ቋንቋ፣ ከእናታቸው የሰሙት፣ በጀርመን ቀለምና ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ከሃይማኖቱ ክርክር ይልቅ ይህ የበለጠ ዘመን ተሻገረ። በቋንቋ ላይ የሚመሰክር ሰው ወገን ለመምረጥ አይገደድም፤ ‹‹ውሃ›› የሚለው ቃል ኦርቶዶክስም ካቶሊክም አይደለምና። ምናልባት ከቀኑ ሁሉ ይህን ሰዓት ይወዱት ነበር።

አባ ጎርጎርዮስ አገራቸውን ለማየት የነበራቸው ፍላጎት በእርጅናም አልለቀቃቸውም። ከጎታ ከተመለሱ በኋላ ከሉዶልፍ ጋር በግዕዝ ይጻጻፉ ነበር፤ ደብዳቤዎቹ ተጠብቀው ኋላ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ታትመዋል። በመጨረሻም ወደ ኢትዮጵያ ጉዞ ጀመሩ፤ በ1658 እስክንድሩና አጠገብ የተሳፈሩባት መርከብ ሰጥማ እርሳቸውም አብረው ሞቱ። ቢደርሱ ኖሮ ምን ይጠብቃቸው እንደነበር መገመት ይቻላል። ዐፄ ፋሲለደስ ካቶሊኮችን የሚያስተናግዱ ንጉሥ አልነበሩም። የተማሪነታቸው ነገር ተዘርዝሮ ቢጠየቅ፣ ለጀርመኖች ስለ አገራቸው ምን እንደመሰከሩ ማንም አያውቅላቸውም ነበር፤ የሚታወቀው መክዳታቸው ብቻ በሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የሮማ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ አካባቢ የባሕር ዳርና የደሴ ሀገረ ስብከትን አቋቋመች፤ በአንድ ስም ውስጥ የሐይቁም ዳር የወሎም ምድር፣ ማለትም የአባ ጎርጎርዮስ ታሪክ የተጀመረበትና የተወለዱበት አገር፣ ተገናኝተዋል። አስበውት ያደረጉት ላይሆን ይችላል።

ሉዶልፍ እስከ 1704 ኖሯል። የታሪኩን መጽሐፍ ተከትሎ በ1691 ባወጣው ሰፊ ማብራሪያ ውስጥ የአባ ጎርጎርዮስን ምስል አስቀርጾ አስገባ፤ የጢማቸው መልክና የፊታቸው ገጽ ዛሬ የሚታወቀው ከዚያ ነው። በ1698 ደግሞ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ ስለዚህ ቋንቋ የታተመ የመጀመሪያው ሰዋስው እርሱ ነው። በጎታ የተጀመረው ጥያቄና መልስ መጽሐፍ ሆኖ ሲወጣ አርባ ስድስት ዓመት አልፎት ነበር። ግዕዙን የሚጽፍለት እጅ ሉዶልፍ አላጣም፤ ከአባ ጎርጎርዮስ የሚመጣው መልስ ግን ከ1658 በኋላ ቀርቶ ነበር።